ሁለት ጠርሙስ ከአንድ ጉድጓድ

በልክነሽ መቅናት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። ከኦቾሎ ወደዚህ ቆላ የወረድነው በአንድ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም ለሸማኔ ተድረን። እሷ ቀድማኝ ወለደች፣ ቀድማኝ ቆርቆሮ ቤት ገባች፣ ሙዟ እንኳ ከእኔ ሙዝ ቀድሞ ይደርሳል። እናቴ በለጥሽ ብላ ስም ስታወጣልኝ በምን እንደምበልጥ ሳትነግረኝ ሞተች። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከዛሬ የበለጥኩበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃ።

ሰፈራችን ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከተራራው ሥር ይጀምርና ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሁለት ጉድጓድ አለን። የላይኛው የልክነሽ ነው፣ የታችኛው የእኔ። የእኔን ባሌ ሀብተጊዮርጊስና ወንድሞቹ በእጃቸው ነው የቆፈሩት። በኋላ የእጅ ፓምፕ ተተከለበት፣ የፓምፑም ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ታሰረ። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ጀሪካኑን ደጄ ላይ ሲያሰልፍ ኖሯል። «የበለጥሽ ውሃ ይጣፍጣል» ሲሉ ደስ ይለኛል፤ ምን እዋሻለሁ። የልክነሽ ጉድጓድ ያን ያህል ሰው አልነበረውም። በዚህ በኩል እግዜር ፈርዶልኝ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ክር የሚያቀልም ፋብሪካ ነው። ከልክነሽ ጓሮ በታች ካለው አጥር ወዲያ የቀለም እጣቢ የሚያጠራቅሙበት ኩሬ አለ፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን የበሰበሰ ሙዝ ልጣጭ ይመስላል። ሽታው መምጣት ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ልክነሽ ቤት አየ። «የሷ ጉድጓድ አበቃለት፤ አጥሩ ሥር ነው» አሉ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩላት። ከልቤ ነበር ማለት ግን አልችልም።

ብዙ ከተጮኸና ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ፋብሪካው ከሰፈሩ ጋር ተስማማ። የውሃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም፣ የየጉድጓዱን ናሙና የሰፈሩ ሰው ራሱ በገዛ እጁ ይቅዳ፣ የኮሚቴው ሰው ቆሞ አይቶ ይፈርም፣ ከከተማ የሚመጣው የውሃ ባለሙያ ደግሞ ለምርመራ ይውሰድ ተባለ። ጥሩ ነገር ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ተቆጣጣሪ ትሁን ተብላ የተመረጠችው ግን ማን ትመስላችኋለች?

ልክነሽ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረሰች፣ ጉድጓዷም አጥሩ ሥር ስለሆነ ነው አሉ። ቢጫ ሰደርያ አለበሷት፣ ፎቶዋ ያለበት ባጅ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። አስራ አምስት ዓመት ይህን ሰፈር ውሃ ያጠጣሁት እኔ፣ ሰደርያው የሷ! ሴቶቹ እልል ሲሉላት እየሳቀች «ምቀኛ አታሳጣኝ በሉ እንግዲህ!» አለች። ወደ እኔ ያየች መሰለኝ። ምናልባት ወደ ሌላ ሰው አይታ ይሆናል፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጇ መኪና አጥቶ አያውቅም። ከወረዳ ይመጣሉ፣ ከዞን ይመጣሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። «እትዬ ልክነሽ፣ እስቲ ፓምፑ አጠገብ ቁሚልን» ይሏታል። አንዱ እንግዳ እኔን መንገድ ላይ አስቁሞ «የተበከለው ጉድጓድ በየት በኩል ነው?» አለኝ። በእጄ አሳየሁት። ጤነኛ ጉድጓድ ያላት ሴትማ ማን ያያታል? ሰው በበሽታ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ናሙና የሚቀዳበት ጠዋት ባለሙያው እንድሪያስ ሁለት ጠርሙስ አመጣ። ትሁት ልጅ ነው። አንዱ ላይ «የላይኛው»፣ አንዱ ላይ «የታችኛው» ብሎ በፕላስተር ለጥፎ የእኔን ለእኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ሁላችንም ልክነሽ ጓሮ ተሰበሰብን። የፋብሪካው ሰው አለ፣ የቀበሌው አለ፣ ባለሱቁ ሙስጠፋ አለ፣ ሰፈሩ በሙሉ አለ። ልክነሽ ሰደርያዋን ለብሳ ፓምፑን መታች። የመጀመሪያውን ውሃ በጀሪካን አስቀምጣ ከዚያ ጠርሙሱን ሞላች። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያታል፤ ቅዳሴ የገባ ይመስል።

የእኔ ተራ ሲደርስ እንድሪያስ ሰዓቱን አየ። «መኪናው ሊሄድ ነው፤ እትዬ ልክነሽ፣ ከእትዬ በለጥሽ ጋር ውረጂና አይተሽ ፈርሚ» አላት።

ልክነሽ በእጇ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ኧረ የበለጥሽን ምን አያለሁ! አስራ አምስት ዓመት ስትቀዳልን የኖረች ሴት። ሂጂ ቅጂና አምጪው፤ እኔ እፈርማለሁ» አለች። እዚያው ቆማ ፈረመች።

ዛሬ ሳስበው አምናኝ ነው። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ጉድጓዴ ድረስ ወርዶ ማየት እንኳ አይገባትም ያለችኝ መሰለኝ። የሷ ሲቀዳ ሕዝብ ይቆማል፣ የእኔ ሲቀዳ የሚያየኝ ዶሮዬ ብቻ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል ይባል የለ? ደሜ ፈላ። ጠርሙሴን ይዤ በቤቷ ጀርባ ስዞር ያቺ በመጀመሪያው ውሃ የሞላችው ጀሪካን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ሳላስብ አደረግሁት አልልም። የልክነሽ ውሃ የተበከለ መሆኑን ሁሉ ያወራል። ከሱ ብቀዳ የእኔም ጉድጓድ ተበክሏል ይባላል። መኪናው ወደ እኔም ይወርዳል፣ እኔንም ፓምፑ አጠገብ ቁሚ ይሉኛል፣ ምናልባት ሁለተኛ ሰደርያ ይመጣል። ቀዳሁና ክዳኑን አጥብቄ ገጠምኩ። መንገድ ሄጄ የተመለስኩ እንዲመስል ሙዙ መሃል ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ እያለከለክሁ መጥቼ ለእንድሪያስ ሰጠሁት።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ውጤቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተነበበ። ሁለቱም ንጹሕ።

ሰው አጨበጨበ። የፋብሪካው ሰው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ፤ መኪናው ቀረብኝ ብዬ ነው የተናደድኩት። ሌላ ነገር አልታየኝም። እንድሪያስ ብቻ ወረቀቱን እያገላበጠ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ በለጥሽ፣ የሁለቱ ጉድጓድ ውጤት መንታ ነው። ጨውነቱ ሳይቀር አንድ ነው። የቀዳሽው ከራስሽ ፓምፕ ነው አይደል?»

«ከየት ልቀዳ ኖሯል?» አልኩት ተቆጥቼ።

«ይቅርታ፤ ገርሞኝ ነው። ሰው የላይኛውን ይፈራል፣ እኔ ግን የፈራሁት ያንቺን ነበር። የመሬት ውስጥ ውሃ እንደ እኛ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ከኩሬው ተነስቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ባንቺ ጓሮ ሥር ነው የሚያልፈው። የልክነሽ ጉድጓድ ከኩሬው በላይ ነው። እንኳን ንጹሕ ሆነ!» አለና ሄደ።

ያን ጊዜ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ተነቧል፣ ማኅተም አለው። ወረቀቱን አመንኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው የሚያስቅ ነው። ሰዉ ንጹሕ ነው ቢባልም አጥሩ ሥር ያለውን ውሃ ልቡ አልወደደውም። ሁሉም ወደ እኔ ወረደ። የልክነሽ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ጀሪካናቸውን ደጄ ደረደሩ፤ ሰልፉ የሙዙን ማሳ አልፎ መንገድ ይደርሳል። ያሰብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣልኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ እየዘፈንኩ ፓምፕ መታሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሀብተጊዮርጊስ ጠራኝ። ለነጠላ የሚሆን ነጭ ድር በእኔ ውሃ ዘፍዝፎ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘርግቶታል። ባሌ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይቀላቅላል፤ ሁልጊዜ እስቅበታለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

«በለጥሽ፣ ይሄ ድር እይ። ወይቧል። ውሃህ ታማለች» አለኝ።

አየሁት። ነጭ አይደለም። ቢጫ ቢጤ ነው፤ ያ ኩሬ አንዳንድ ቀን እንደሚመስለው። እንድሪያስ ያለኝ ነገር ሁሉ ተመልሶ መጣ። የእኔ ጉድጓድ አልተመረመረም። ሁለቱም ጠርሙስ የልክነሽ ነው። ይህን የማውቅ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ልጄ ብርቅዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከእኔ ጋር ነበረች። የስምንት ወር ሆድ ይዛ ከአርባ ምንጭ የመጣች ቀን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከጓሮ አንድ ጣሳ ውሃ መጠጣት ነበር። «የእማን ውሃ ከተማ ውስጥ አላገኘሁትም» አለች። አሁን ጣሳውን ስታነሳ ባየሁ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ከእጇ እወስዳለሁ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ለሰፈሩ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። በማለዳ ሰው ሳይወጣ ትንሿን ጀሪካን ይዤ ወደ ልክነሽ ጉድጓድ ወጣሁና ለብርቅዬ ብቻ ቀዳሁ። ተመልሼ ለሌላው ሰው ከራሴ ቀዳሁለት። አምስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ደጄ ላይ የሚሰለፉ ሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች አሉ። «እግዜር ይስጥሽ» ይሉኛል፤ «አብሮ ይስጠን» እላለሁ።

በስድስተኛው ማለዳ ልክነሽ ፓምፑ አጠገብ ቆማ አገኘችኝ። ሰደርያዋን አልለበሰችም፤ ነጠላ ብቻ ጣል አድርጋለች።

«በለጥሽ! የራስሽ ጉድጓድ እያለ?»

«ብርቅዬ...» አልኩ፤ «ብርቅዬ አምሯት ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ታውቂ የለ።»

ልክነሽ ሳቀች። «አዬ የእርግዝና ነገር! እኔ ደግሞ የልጅ ልጆቼን ወዳንቺ እልካለሁ። ሁለቱንም። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ቢልም አጥሩን ሳይ ይጨንቀኛል፤ ያንቺን ይጠጡ፣ ያንቺን አውቀዋለሁ እላለሁ።» ጀሪካኔን ከእጄ ወስዳ ራሷ ፓምፑን መታችልኝ። ሞልታ ሰጠችኝ።

ጀሪካኑን ተሸክሜ ወረድኩ። እኔ የሷን ውሃ ለልጄ ስሰርቅ እሷ የእኔን ለልጅ ልጆቿ ታጠጣለች። ቢያንስ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት!

ቅዳሜ ዱቡሻ ነበር። ዱቡሻ የእኛ የጋሞዎች ሸንጎ ነው፤ ከዋርካው ሥር ድንጋይ የተደረደረበት ሜዳ። ጠብ እዚያ ይፈታል፣ ስምምነት እዚያ ይጸናል። እዚያ ላይ የዋሸን ወይም ክፉ ነገር የደበቀን ሰው ጎሜ ይይዘዋል ይባላል። ጎሜ በሠሪው ብቻ አይቆምም፤ ልጁንም፣ በሬውንም፣ እርሻውንም ይነካል። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ቢሆንም ጎሜን አልደፍርም። የዚያን ቀን ነገሩ ሊዘጋ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ስለሆነ የሚቀጥለው ምርመራ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሁን የሚል ወረቀት ፋብሪካው አዘጋጅቷል፤ ልክነሽ ስለ ሰፈሩ ትፈርማለች።

ሽማግሌው ጋሽ ሰይፈሥላሴ ተነሱ። ከመመረቃቸው በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ። «በዚህ ነገር ሆዱ ውስጥ የቀረ ያለው ያውጣ።» ሁለተኛ ጠየቁ። «የቀረ ያለው ያውጣ።» ልክነሽ እስክሪብቶውን ይዛለች። የታናሹ የልጅ ልጇ ጭንቅላት ጉልበቷ ላይ ነው፤ ተኝቷል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው። የቀረ ያለው ያውጣ።»

ከእግሬ ሥር እርጥብ ሣር ነጭቼ በሁለት እጄ ይዤ ተነሳሁ። በእኛ ደንብ ሣር ይዞ የቆመ ሰው ጥፋተኛ ነኝ፣ ማሩኝ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሳልናገር ሁሉም ገባው። ምን እንዳጠፋሁ ብቻ አያውቅም።

«ጠርሙሴን ከጉድጓዴ አልቀዳሁም። ከልክነሽ ጀሪካን ነው የቀዳሁት። የእኔ ጉድጓድ አልተመረመረም። የታመመው የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ሳጠጣችሁ ነበር።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለምን ልጄ?» አሉኝ።

ብዙ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልወጣ አለኝ። «ቀናሁ» አልኩ። «በልክነሽ ቀናሁ።»

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጮኸች። ሰዉ መንጫጫት ሲጀምር የፋብሪካው ሰው ብድግ አለ። «እንግዲያው ሕዝቡ ራሱ ናሙናውን አጭበርብሯል ማለት ነው! ከዚህ በኋላ ሰፈሩ የሚቀዳውን ውሃ እንዴት እንመነው? ኮሚቴው ራሱ ይፍረስ!» አለ። ክፉ ነገር ነው የተናገረው፤ መንገዱን የጠረግሁለት ግን እኔ ነኝ።  

ልክነሽ ልጁን ሌላ ሴት አሳቀፈችና ተነሳች። ሰደርያዋን አውልቃ አጣጥፋ ከጋሽ ሰይፈሥላሴ ፊት ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ ሣር ነጨች። መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች። «አይተሽ ፈርሚ ተብዬ ሳላይ ፈረምኩ። ጥፋቱ የሁለት ሰው ነው፤ የሰፈሩ አይደለም። ኮሚቴው አይፈርስም። አሁን ሁላችንም እንውረድ። ፓምፑን የፋብሪካው ሰው ራሱ ይምታ፣ ጠርሙሱን እንድሪያስ ይያዝ፣ ሰፈሩ ይይ። የፋብሪካው ሰው እምቢ ካለ ግን የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው።»

ሰዉ «እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔስ ምን አሰብኩ? እዚያ፣ ሣር ይዤ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ጥፋት እንኳ ከእኔ አሳምራ ተናዘዘች። ማርያምን፣ ያሰብኩት ይህን ነው።

ወረድን። የፋብሪካው ሰው ሸሚዙን ሰብስቦ ፓምፑን መታ። ሁለት መቶ ዓይን ጉድጓዴን አየ፤ ስመኘው የኖርኩትን ያህል ሰው። የፓምፑን ቁልፍ ከማተቤ ፈትቼ ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ሰጠሁ።

ውጤቱ በአስረኛው ቀን መጣ። ክሮሚየም የሚባል ከቀለም የሚመጣ መርዝ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ኩሬው ተዘጋ፣ ፋብሪካው እጣቢውን እስኪያስተካክል ድረስ ሥራ አቆመ፣ ለታችኛው ሰፈር በቦቴ ውሃ እንዲያመጣ ተገደደ። ፓምፔ ላይ ሰንሰለት አለ አሁን። ሰደርያው ለባለሱቁ ሙስጠፋ ተሰጠ፤ ቦርጩ ላይ አልገጥም ብሎት ከፍቶት ነው የሚሄደው። ልክነሽ ያለ ሰደርያ ስትሄድ አያለሁ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ከመጀመሪያው ውጤት ቀን እስከ ዱቡሻው አስራ ዘጠኝ ቀን ነው። የልክነሽ የልጅ ልጆች አስራ ዘጠኝ ቀን የእኔን ጠጥተዋል። ሐኪም አያቸው፤ ለጊዜው ምንም የለም፣ እየተመላለሱ ይታዩ አለ። ከሁለቱ አንዱ ሆዱን አመመኝ ባለ ቁጥር ለማርያም እሳላለሁ። አንዳንዱ ሰው ሰላም አይለኝም፤ አልፈርድበትም።

ብርቅዬ ሴት ልጅ ወለደች። ቦቴው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ሕፃኗ መጀመሪያ የታጠበችው በልክነሽ ውሃ ነው። በየማለዳው ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ። ደጇ ላይ ሰልፍ አለ፤ ሙዙን አልፎ መንገድ ይደርሳል። ተራዬ ሲደርስ ልክነሽ «ለአራስ ነው፤ ቅድሚያ ስጧት» ትላለች፤ ራሷ ፓምፑን ትመታልኛለች። አንድ ቀን እንኳ ስለ ጠርሙሱ አንስታ አታውቅም።

ትናንት በመውረጃው ላይ ጠማኝና ጀሪካኑን አውርጄ በእፍኜ ጠጣሁ። ውሃዋ ይጣፍጣል። ከእኔ ይበልጣል፤ ድሮም ይበልጥ ነበር መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሷማ በጭራሽ አልነግራትም።